ለ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና እንዴት እንለማመድ?

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሲቃረብ የቆዩ ጥያቄዎች ፍለጋ ይጀመራል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ተማሪው አንዱን ወረቀት ይሠራል፣ መልሱን ያያል፣ ያገኘውን ይቆጥራል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልፋቱ እውነተኛ ልፋት ነው። ግን በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ ድሮም የሚያውቀውን ሲያረጋግጥ ይከርምና የማይችለውን እንደማይችል ይዞት ወደ ፈተናው ይገባል። እንግሊዝኛ የሚሻሻለው የተሳሳትነውን ጥያቄ ለምን እንደተሳሳትን አውቀን ደግመን ስንሠራው ነው። ከዚህ በታች ያለው ልምምድ በሙሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

1. አንድ ወረቀት በሰዓት ሥሩ

ባለፉት ዓመታት በወጡት ወረቀቶች የእንግሊዝኛው ፈተና 120 የምርጫ ጥያቄዎች ነበሩት፤ ጊዜው 2 ሰዓት። ምንባቡን የምታነቡበት ጭምር ተደምሮ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ብቻ ነው። የግራመርና የቃላት ጥያቄዎችን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያልጨረሰ ተማሪ ለፓሴጁ የሚሆን ጊዜ አይተርፈውም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረቀት ልክ እንደ ፈተናው ሥሩ። ስልክ ይጠፋል፣ መዝገበ ቃላት ይዘጋል፣ 2 ሰዓቱ ሲሞላ እርሳስ ይቀመጣል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ እርግጠኛ ሳትሆኑ የመረጣችሁት ጥያቄ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። በግምት ያገኛችሁት መልስ ትክክል ቢሆንም እንደ ስህተት ይቆጠር። ያልተማራችሁትን የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ስለ መልስ ቁልፉም ልናገር። በየቦታው የሚዞሩት ቁልፎች ሁሉ አይታመኑም፤ የተሳሳተ መልስ ያለባቸው አሉ። መልሱ ካልገባችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ እንጂ ራሳችሁን ለማሳመን አትታገሉ።

2. የስህተት ደብተር ክፈቱ

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ይህን ነው። አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ይለይ። እያንዳንዱ የተሳሳታችሁት ጥያቄ በሙሉ ይገለበጣል፤ ከሥሩ የመረጣችሁት፣ ከዚያ ትክክለኛው መልስ፣ ከዚያ ምክንያቱ በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። «አላወቅኩትም» ምክንያት አይደለም። ሕጉን ጭራሽ አልተማርኩትም? ወይስ ሕጉን አውቃለሁ፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ፍንጭ ሳላይ አለፍኩ? ወይስ የአንድ ቃል ትርጉም ነው ያሰናከለኝ? እነዚህ ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት ነው የሚፈልጉት።

አንድ ምሳሌ እንይ። ጥያቄው «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ___ ዘ ኔክስት ዴይ» የሚል ነው። ምርጫዎቹ፦ «ዊል ካም»፣ «ውድ ካም»፣ «ካምስ»፣ «ሃዝ ካም»። ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ነገሩ ወደፊት የሚሆን ይመስላላ። ፍንጮቹ ግን ሁለት ናቸው፦ «ቶልድ» ያለፈ ጊዜ ነው፤ «ቱሞሮ» መባል የነበረበት ደግሞ «ዘ ኔክስት ዴይ» ሆኗል። ንግግሩ ወደ ሪፖርትድ ስፒች መዞሩን ሁለቱም ይናገራሉ፤ መልሱ «ውድ ካም» ነው። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «ሕጉን አውቀው ነበር፤ ‹ቶልድ› የሚለውን ሳላይ ወደ ባዶው ቦታ ሮጥኩ»። ይህን የጻፈ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኑ መጀመሪያ ግሡ ላይ ያርፋል።

በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ክፈቱና መልሱን በወረቀት ሸፍናችሁ ጥያቄዎቹን እንደገና ሥሩ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ በትክክል የተሠራ ጥያቄ ይሰረዛል፤ የቀረው ይቆያል።

3. ከአማርኛ የሚመጡ ስህተቶችን ለዩ

ደብተሩ ከሞላ በኋላ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ፤ ስህተቶቹ ይመሳሰላሉ። ብዙዎቹ በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ስንናገር የሚፈጠሩ ናቸው፤ ፈተና አውጪውም ይህን ስለሚያውቅ የተሳሳተውን ምርጫ እዚያ ያስቀምጠዋል።

«ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት» ብለን እንጽፋለን፤ እንግሊዝኛው «ዲስከስ» ካለ በኋላ «አባውት» አይፈልግም። «ማንም አልመጣም» ስንል አማርኛው አሉታውን በግሡ ላይ ይጠይቃል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኖባዲ» ብሎ የጀመረ ሰው አሉታውን ጨርሷል፤ የሚከተለው «ኬም» ብቻ ነው። «አንለስ»ም ያው ነው፤ «ካል» የሚለውን በሆዱ ይዟል። «ምንም እንኳ ቢደክመውም ግን ሠራ» ማለት በእኛ አፍ ያምራል። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» እና «በት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ሐሳቦች አብረው አያያይዙም፤ አንዱን ምረጡ። «የገዛሁት መጽሐፍ» ሲባል «ት» የተገዛውን ነገር ታመለክታለች፤ ከዚያ ተነስተን «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» እንላለን። መጨረሻ ላይ ያለው «ኢት» ይውጣ። ስህተት በአማርኛ «ይሠራል»፤ በእንግሊዝኛ የሚሄደው «ሜክ» ነው እንጂ «ዱ» አይደለም።

ንግግር ስናስተላልፍም ያው ችግር አለ። «እመጣለሁ አለኝ» እንላለን፤ የተናጋሪው «እኔ» እንዳለ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ በሪፖርትድ ስፒች «እኔ»ን ወደ «እሱ» ይቀይራል፣ ግሡንም ወደ ኋላ ይገፋል። አፍ መፍቻችሁ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ ከሆነ የራሳችሁን ዝርዝር ከደብተራችሁ አውጡ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ከፈተና በፊት ባለው ሌሊት የምታነቡት ገጽ እሱ ይሁን።

4. ግራመርን ምርጫውን ሸፍናችሁ ሥሩ

ደብተሩ ሕጉን ጭራሽ እንዳልተማራችሁ ካሳያችሁ ጥያቄ መሥራቱን ለጊዜው አቁሙና ሕጉን ተማሩ። በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የቀረበው ካልበቃችሁ የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ጥሩ ረዳት ነው። በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ አለው፤ መልሱ ከኋላ ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ አትነሱ፤ ደብተራችሁ የሚጠይቃችሁን ርዕስ ብቻ ፈልጉ።

ከዚያ ወደ ጥያቄው ስትመለሱ አራቱን ምርጫዎች በእጃችሁ ሸፍኑ። ባዶ ቦታውን መጀመሪያ በራሳችሁ ሙሉ፣ ከዚያ ምርጫዎቹን ግለጡ። ምርጫዎቹን ቀድሞ ያየ ዓይን ለሚያምረው ይሸነፋል። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ በዚያው ሕግ ስለ ራሳችሁ ሕይወት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ እናታችሁ፣ ስለ ትናንቱ ጨዋታ።

5. ቃላትን ከነጎረቤታቸው ያዙ

አንድን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ተርጉሞ በዝርዝር መሸምደድ ፈተና ላይ ብዙ አያራምድም። ቃሉን ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ አብሮት የሚሄደውን ቃል አስምሩ፣ ዘመዶቹንም ሰብስቡ፦ «ዲፔንድ»፣ «ዲፔንደንት»፣ «ኢንዲፔንደንስ»። ከ1 ቃል 3 ወይም 4 ይገኛል።

በመዝገበ ቃላት ከመፈለጋችሁ በፊት ግምት ይቅደም። የጂኦግራፊ መጽሐፍ አካባቢው «ኤሪድ» መሆኑን ነግሮ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ እንደሚዘንብ ከጨመረ፣ ትርጉሙ እዚያው ተሰጥቷችኋል። በፈተናው አዳራሽ መዝገበ ቃላት ስለሌለ ዋናው ችሎታ ይኸው ነው። እንደ «ሃውኤቨር» ያሉ ቃላት ተቃራኒ እንደሚመጣ ይነግሯችኋል፤ «ፎር ኢግዛምፕል» ምሳሌ፤ ኮማ ደግሞ አንዳንዴ ፍቺ ያስከትላል።

ለማስታወስ ደግማችሁ አታንብቡ፤ ራሳችሁን ጠይቁ። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ደግመው አነበቡ፤ ከሌላው ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን የበለጠ አስታወሱ። ከ1 ሳምንት በኋላ የተፈተኑት ግን ሳያዩ ከጻፉት ጽሑፍ 56 በመቶውን ሲያስታውሱ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ፈተናችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይደለም። ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ፊት፣ ትርጉሙንና ዓረፍተ ነገሩን ጀርባ ላይ ጻፉ፤ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ራሳችሁን ፈትኑ። በቀን 7 ወይም 8 ቃል ይበቃል።

6. ምንባብን በየቀኑ፣ በእጃችሁ ባለው መጽሐፍ

«የሚነበብ እንግሊዝኛ የለኝም» የሚል ተማሪ ቦርሳውን ይክፈት። የባዮሎጂ ወይም የታሪክና የጂኦግራፊ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው። በቀን አንድ ገጽ ከነሱ ማንበብ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ማጥናት ነው፤ ይህ ዕድል በየገጠር ትምህርት ቤቱም አለ፤ ገንዘብም ኢንተርኔትም አይፈልግም። አንቀጹን አንብቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ ዋናውን ሐሳብ በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው፤ እንደገና ክፈቱት።

የፈተናውን ፓሴጅ ስትለማመዱ ግን የማታለያዎቹን ዓይነት ማወቅ አለባችሁ። እንበልና ፓሴጁ ስለ እምቦጭ ነው። አንደኛው አንቀጽ አረሙ ከደቡብ አሜሪካ መምጣቱን፣ ሁለተኛው የጣናን ሐይቅ እንዴት እንደሸፈነ፣ ሦስተኛው በእጅና በማሽን ለማስወገድ የተደረገውን ጥረት ይናገራል። ጥያቄው የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው ይላል። ኤ፦ የእምቦጭ መነሻ ደቡብ አሜሪካ ነው። ቢ፦ የዓለም ሐይቆች አደጋ ላይ ናቸው። ሲ፦ እምቦጭ በጣና ላይ ያስከተለው ችግርና የመከላከል ጥረቱ። ዲ፦ የዓሣ አጥማጆች ገቢ መቀነስ።

ኤ እውነት ነው፣ ግን የአንድ አንቀጽ ዝርዝር ብቻ ነው። ቢ ከጽሑፉ ይሰፋል። ዲ ከሁሉም ያታልላል፤ በተለይ የባሕር ዳርን ልጅ። በሕይወቱ የሚያውቀው እውነት ነውና። ጽሑፉ ግን ስለ ገቢ አንድ ቃል አላወራም። መልሱ ሲ ነው። በደብተራችሁ ላይ ከእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ጎን «ጠባብ»፣ «ሰፊ»፣ «ከጽሑፉ ውጭ» ብላችሁ ጻፉ፤ በጥቂት ፓሴጅ ውስጥ ዓይናችሁ ይለምደዋል። «ኦልዌይስ» እና «ኦንሊ» የመሳሰሉ ቁርጥ ያሉ ቃላት ያሉባቸውን ምርጫዎችም ጽሑፉ በእርግጥ እንዲህ ብሎ እንደሆነ ተመልሳችሁ ፈትሹ።

«ኢት» ወይም «ዜይ» ማንን እንደሚተካ ከተጠየቃችሁ እያንዳንዱን ምርጫ በቦታው አስገብታችሁ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን አስተካክሉ ሲባል ደግሞ በ«ሂ»፣ በ«ዚስ» ወይም በ«ሃውኤቨር» የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ አይሆንም፤ እሱን አውጥታችሁ ጀምሩ።

7. የመጨረሻዎቹ ሳምንታት

በሳምንት አንድ ሙሉ ወረቀት በ2 ሰዓት ሥሩ፤ በቀሩት ቀናት ደብተሩ ላይ አተኩሩ። በፈተናው ቀን አንድ የግራመር ጥያቄ ከያዛችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ ለፓሴጁ ጊዜ አቆዩ። ጥያቄ ስትዘሉ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይም ያንኑ ቁጥር መዝለላችሁን በየ10 ጥያቄው አረጋግጡ፤ አንድ መስመር የተዛነፈ ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ ያጣል። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጣችሁ ከሆነ፣ ከፈተናው በፊት ቢያንስ ጥቂት ረጃጅም ምንባቦችን ከስክሪን ላይ አንብቡ፤ በወረቀት ላይ ማስመር የለመደ እጅ እዚያ የሚያሰምርበት አያገኝም።