ስንፈተ ወሲብ፦ ኪኒኑን ከመግዛትዎ በፊት ስኳርዎንና ግፊትዎን ይለኩ

ከጎርጎራ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደርሶኛል። «ዶክተር፣ ዕድሜዬ 48 ነው። ከስድስት ወር ወዲህ ከባለቤቴ ጋር እንደ ድሮው አልሆንልኝ ብሏል። ጓደኛዬ ኪኒን ከጎንደር ላምጣልህ ይላል። ሌላው አስረውህ ነው ይለኛል። ምን ላድርግ?» ብዙዎቻችሁ አፍራችሁ የምትተውት ጥያቄ ስለሆነ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።

👉 ስንፈተ ወሲብ ምንድን ነው?

ብልት ለግንኙነት በሚበቃ ሁኔታ አለመቆሙ ወይም ቆሞ አለመቆየቱ ነው። በድካም፣ በመጠጥ ወይም በሐሳብ ምክንያት አንዳንዴ ቢያጋጥም በሽታ አይደለም። 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን መታየት አለበት። ብርቅም አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የወጣ ጥናት ከ40 እስከ 70 ዓመት ካሉ ወንዶች 52 በመቶው በተለያየ ደረጃ ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል።

👉 ለምን ይመጣል?

ብልት የሚቆመው በደም ነው። ስሜት ሲነሳ ከነርቭ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ስሮቹን ያላላቸዋል፤ ደም ገብቶ ይሞላል። ወደ ብልት የሚሄደው የደም ስር ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የልብ ደም ስር ግን ከ3 እስከ 4 ይደርሳል። ስለዚህ የደም ስሮች በስብ መጥበብ ሲጀምሩ ቀጭኑ ቀድሞ ይናገራል፤ የልቡ ሕመም ከ2 እስከ 5 ዓመት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ስንፈተ ወሲብ የልብ ማስጠንቀቂያ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ዋና ዋና መንስኤዎቹ፦
• የስኳር በሽታ (የደም ስርንም ነርቭንም ይጎዳል)
• የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል መብዛት፣ ውፍረት
• ሲጋራ፣ አልኮል፣ ጫት
• አንዳንድ የግፊትና የድብርት መድኃኒቶች (በራስዎ እንዳያቋርጡ!)
• የቴስቶስቴሮን ሆርሞን ማነስ (ብዙ ጊዜ ፍላጎቱም አብሮ ይጠፋል)
• ጭንቀት፣ ሐዘን፣ ድብርት፣ የትዳር አለመግባባት

👉 ከአካል ነው ከሐሳብ?

ጠዋት ሲነቁ ብልትዎ በደንብ ይቆማል? ችግሩስ በድንገት ነው የጀመረው? ከሆነ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ እየባሰ መጥቶ የጠዋቱም ከጠፋ የደም ስር፣ የነርቭ ወይም የሆርሞን ችግር ይጠረጠራል። ሁለቱ አብረው መምጣታቸውም የተለመደ ነው፤ አንዴ ያልሆነለት ሰው በሚቀጥለው ገና ሳይጀምር ይፈራል፣ ፍርሃቱ ደግሞ መልሶ ያከሽፈዋል።

«ታስሬ ነው» ብላችሁ የምታስቡ፣ ጸበሉን ማንም አይከለክላችሁም፤ ስኳራችሁንም ተለኩ። ያልታወቀ ስኳር ዓይንና ኩላሊትም ይጎዳል።

👉 ህክምናውስ?

1. ጎርጎራ ያላችሁ ከጤና ጣቢያው ጀምሩ። ግፊትና በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ ትልቁን ነገር ይናገራል። ካስፈለገ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን በሪፈር ትሄዳላችሁ።
2. ሲጋራ ማቆም፣ መጠጥ መቀነስ፣ ክብደት መቀነስ፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ።
3. ሲልደናፊል (ቪያግራ)። መጀመሪያ የተጠናው ለልብ ሕመም ነበር። በሐኪም ትእዛዝ ከግንኙነት 1 ሰዓት በፊት፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ርቆ ይወሰዳል። ስሜት ካልተነሳ ብቻውን አይሠራም፤ ስኳሩንና ግፊቱንም አያክምም።
4. ጭንቀት ካለ ከባለቤትዎ ጋር ሆኖ የምክር አገልግሎት። ኪኒን ለማይሠራላቸው መርፌ፣ የቫክዩም መሣሪያና ቀዶ ጥገና አለ።

⚠️ ይጠንቀቁ!
• ናይትሮግሊሰሪን የመሰለ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊል ጨርሶ መውሰድ የለበትም። ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል።
• ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ካልተመለሰ ቶሎ ወደ ሆስፒታል።
• «የወንድነት ኃይል» እየተባለ በድብቅ የሚሸጥ ማር፣ ዱቄትና ኪኒን አይግዙ። በውጭ አገር በተደረጉ ምርመራዎች «ተፈጥሯዊ» ከተባሉት ውስጥ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ተገኝቷል።

እህቶች፣ ባላችሁ ሲርቃችሁ ሁልጊዜ ሌላ ሴት ስላለ አይደለም፤ አፍሮም ሊሆን ይችላል። «እስቲ አብረን እንመርመር» በሉት።

ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሚያፍር ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።