ቀሳሚ ወፎችንና ቢራቢሮዎችን ወደ ቆቦ ጓሮ መጋበዝ

በአየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ የአበባ ማር የምትመጠውን ሀሚንግበርድ በፊልም የተመለከተ ሰው «ምነው እኔ ጓሮ በመጣች» ብሎ ሊመኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህች ወፍ የምትገኘው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ በመሆኑ፣ የፈለገው አበባ ቢተከል ወደ ራያ ቆላ አትመጣም። በአንጻሩ እኛ ዘንድ ሰንበርድ የሚባሉት ቀሳሚ ወፎች አሉ። ከእነዚህም መካከል በ1828 (እ.ኤ.አ.) ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው «ሲኒሪስ ሀቤሲኒከስ» የሐበሻን ስም ይዞ በአፍሪካ ቀንድ ደረቅ ቆላዎች ይኖራል። ታዲያ ለእነዚህ ወፎች ምን እንትከል?

መቀመጫ ያለው አበባ

ሁለቱ የወፍ ወገኖች ቢመሳሰሉም የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ትናንሽ ሀሚንግበርዶች በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ክንፋቸውን እያርገበገቡ አየርን ወደ ታች ይገፋሉ፤ የአየሩም አጸፋ ክብደታቸውን ይሸከማል። ይህ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በስሌት ረገድ፣ የክንፉ ስፋት ሳይለወጥ የወፉ ክብደት እጥፍ ቢሆን፣ በየሰከንዱ የሚወጣው ጉልበት ወደ 2.8 እጥፍ ያድጋል። ሰንበርዶች ለአጭር ጊዜ በአየር ላይ ሊቆሙ ቢችሉም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀስሙት ተቀምጠው ነው። ስለዚህ እንደ እሬትና እንደ ራስ ክምር ያሉ፣ ጠንካራ አገዳና ቱቦ መሰል አበባ ያላቸው የሀገራችን ዕፅዋት ይስማሟቸዋል።

ወፉ ሲቀመጥ ፀሐይን ከኋላችን አድርገን እንመልከት። የወንዱ ላባ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ዞር ሲል ግን ይጠቁራል። ቀለሙ በላባው ውስጥ ካሉ እጅግ ስስ ንብርብሮች የሚንጸባረቁት የብርሃን ሞገዶች ሲደጋገፉ የሚፈጠር ነው። በሳሙና አረፋ ላይ የሚታየው ቀለምም ከዚሁ ዓይነት ክስተት ይመነጫል።

ለቢራቢሮ ቅጠልም ያስፈልጋል

ቢራቢሮ በሚገባ ለመብረር የሰውነቷ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ስላለበት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውና ከነፋስ የተከለለው የጓሮ ክፍል ይመረጣል። ሆኖም አበባ ብቻውን አይበቃም፤ እጮቿ የሚበሉት ቅጠል ሊኖር ይገባል። የሎሚ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትንሽ ትል ብናይ፣ የአንድ ትልቅ ቢራቢሮ እጭ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ለመርጨት አንቸኩል። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ጦቢያም የሌላ ብርቱካንማ ቢራቢሮ እጭ ምግብ ነው። ወተት መሰል ፈሳሹ ግን ዓይንን ስለሚጎዳ ከሕፃናት ይራቅ።

በአንጻሩ የወፍ ቆሎ አበባው ቢራቢሮን ቢስብም አይተከል። ከውጭ የገባ ወራሪ ተክል በመሆኑ የግጦሽ መሬትን ይወርራል፤ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል።

የቆቦ ዋና ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚጥል፣ በበጋ እህል የታጠበበትን ውኃ ለተክሎቹ ማዋል ይቻላል። ከዚያም ጥቂቱን አፈር ላይ ማፍሰስ ይጠቅማል፤ ቢራቢሮዎች ከእርጥብ ጭቃ ጨው ይመጣሉና።

ለተማሪዎች፦ በአንድ ጠዋት ለ15 ደቂቃ በእያንዳንዱ ተክል ላይ ስንት ወፍና ቢራቢሮ እንዳረፈ ቁጠሩ፤ በሳምንቱም ድገሙት። በቀጣዩ ክረምት ምን መትከል እንዳለባችሁ መዝገባችሁ ይነግራችኋል።