በገንዳችን ዓሣ መጨመር የሚበቃን መቼ ነው?

በመስታወት ገንዳ የምናረባቸውን የባሕር ዓሦች ቁጥር የሚወስነው የቦታው ስፋት ብቻ ሳይሆን በውኃው የሟሟው ኦክስጅን ጭምር ነው። ውኃ ሲሞቅና ጨው ሲበዛበት የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ድሬዳዋ ሞቃት ከመሆኗም በላይ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ጠረፍ ይልቅ 13 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል፤ የሚሟሟው ኦክስጅንም እንዲሁ።

ከዓሦቹ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ለዚህም ኦክስጅን ይሻሉ። አዲስ ዓሣ ከገባ በኋላ አሞኒያና ናይትራይት ወደ ዜሮ ካልተመለሱ፣ ወይም ዓሦቹ ንጋት ላይ አየር ፍለጋ ወደ ውኃው ገጽ ከወጡ፣ መጨመሩን እናቁም። መብራት ሲቋረጥ አየር የሚነፋው ሞተር ስለሚቆም፣ በተጨናነቀ ገንዳ ያሉ ዓሦች በጥቂት ሰዓታት ሊያልቁ ይችላሉ። ባዶ የሚመስለው ቦታ ላሉት ዓሦች ዕድገት ይቆይ።