የአሉሚኒየም ቸርኬን በቤት ማደስ፦ ለብረት የሚበጀው ለአሉሚኒየም ለምን አይበጅም?

ወልቂጤ አዲስ አበባን ከጅማ፣ ቡታጅራ ደግሞ አዲስ አበባን ከሆሳዕና በሚያገናኙ መንገዶች ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ጎዳናዎች ዳር የቆሙ መኪናዎችን ልብ ብለን ብናይ ቀለሙ የተላጠና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የወጣበት የአሉሚኒየም ቸርኬ አናጣም። ባለቤቱ በግቢው ሊያድሰው ቢነሳ በቅድሚያ የሚታሰቡት ለብረት ቸርኬ የተለመዱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ኮስቲክ ሶዳ፣ የብረት ሽቦ ብሩሽና እሳት። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱም አሉሚኒየምን ለምን እንደሚጎዱና በምን መተካት እንዳለባቸው እንመለከታለን።

አሉሚኒየም ራሱን እንዴት ይከላከላል?

አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር በፍጥነት የሚዋሃድ ብረት አስተኔ ነው። የተፋቀው ገጹ አየር እንደነካው በጥቂት ናኖ ሜትር የሚለካ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። የብረት ዝገት እየተፈረፈረ አዲስ ብረት ለአየር ሲያጋልጥ፣ ይህ ሽፋን ግን ከሥሩ ካለው አካል ጋር ተጣብቆ ይጠብቀዋል። ሆኖም ጠጠር የቸርኬውን ቫርኒሽ ሲሰነጥቀው እርጥበትና ጨው በስንጥቁ ይገቡና ከቀለሙ ሥር ትል የሄደበት የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች እየሠሩ ይስፋፋሉ። በዚህ ላይ አዲስ ቀለም መደረብ በሽታውን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

ሦስቱ ስሕተቶች

አንደኛው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ብረት በኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ቢነከር ቀለሙ ይለቃል፤ ብረቱ ግን አይሟሟም። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ከአሲድም ከቤዝም ጋር ኬሚካዊ ለውጥ ስለሚያደርግ፣ ኮስቲክ ሶዳ መጀመሪያ መከላከያውን፣ ቀጥሎም አሉሚኒየሙን ራሱን ያሟሟል። በዚህ ጊዜ 2 ሞል አሉሚኒየም 3 ሞል ሃይድሮጅን ይሰጣል። በመሆኑም ከ1 ግራም አሉሚኒየም በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ግፊት ወደ 1.2 ሊትር ጋዝ ይወጣል። እንደ ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ መጠኑ ከዚህም ይበልጣል። ሃይድሮጅን ደግሞ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ከሚንፈቀፈቀው ብጥብጥ የሚፈናጠር ጠብታም ዓይንን ሊያሳውር ይችላል።

ሁለተኛው የብረት ሽቦ ብሩሽ ነው። የሽቦው ስብርባሪ በለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ውሃ ሲያገኛቸው ሁለቱ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፤ ኤሌክትሮን እየሰጠ የሚያልቀውም አሉሚኒየሙ ነው።

ሦስተኛው እሳት ነው። ብዙ ቸርኬዎች የሚሠሩት 7 በመቶ ገደማ ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዚየም ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው። ፋብሪካው ቸርኬውን ወደ 540 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቆ በድንገት ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያም በ150 እና በ180 ዲግሪ መካከል ለሰዓታት አቆይቶ ያጠነክረዋል። ቀለሙን በነበልባል ለማቃጠል ስንሞክር ይህ ጥንካሬ ሊጠፋ ይችላል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ግሎ ስለማይቀላም ጉዳቱን ዓይናችን አያስጠነቅቀንም።

ትክክለኛው አካሄድ

ጎሚስታው ጎማውን ካወጣ በኋላ ቸርኬው በሳሙና ታጥቦ በጥንቃቄ ይመረመራል። የተሰነጠቀ ቸርኬ መወገድ እንጂ መቀባት የለበትም። ስቱኮና ቀለም ስንጥቁን ከዓይን ይሰውሩታል እንጂ የመኪናውንና የተሳፋሪዎቹን ክብደት አይሸከሙም።

ዳይክሎሮሜቴን ካለበት የቀለም ማንሻ መራቅ ይገባል፤ ትነቱ በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። አሜሪካ ለቀለም ማንሻነት ለግለሰቦች እንዳይሸጥ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከልክላለች። ለቤት ሥራ የሚመረጠው ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ180 ቁጥር ጀምሮ እስከ 400 ድረስ፣ ውሃ እያስነኩ መፋቅ ነው። ደቃቅ የአሉሚኒየም ብናኝ ተቀጣጣይ፣ የአሮጌ ቀለም ብናኝም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ውሃው ሁለቱንም ይይዝልናል።

የተፋቀው ቸርኬ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በአልኮል ተወልውሎ በዚያው ቀን ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር ይቀባል። ቀለሙና ቫርኒሹም በስሱ እየተደጋገሙ ይከተላሉ። ከመኪናው ጋር የሚገጥመው የጀርባ ገጽና የብሎን መቀመጫዎቹ ግን አይቀቡም፤ በዚያ ያለ ወፍራም ቀለም ሲጨመቅ ብሎኑ ይላላልና። ቸርኬው ከተገጠመ በኋላም፣ ከወልቂጤ ወሊሶ ደርሶ መመለስን ያህል ርቀት ሲጓዝ፣ ብሎኖቹን ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ቸርኬ የሚያምር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት የሚሸከም አካል ነው። ከምን እንደተሠራ ሳናውቅ እጃችንን አናንሣበት።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ 5 ግራም አሉሚኒየም በኮስቲክ ሶዳ ቢሟሟ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስና በ0.8 አትሞስፌር ግፊት ስንት ሊትር ሃይድሮጅን ይወጣል? መልሳችሁ ከ8 ሊትር ቢበልጥ አትደነቁ፤ ትክክል ናችሁ።