ካሴቱ 9,999,999 ይላል፤ ቆጥረን እንይ፦ ጨንቻ ስላለ አንድ ቅጂ የጌም ማሽን

መግቢያ

በጋዜጠኝነት ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሳይሰለች የሚነገረን ነገር ቢኖር ምንጭን ማጣራት ነው። ምንጭ ሲባል ግን ብዙዎቻችን የሚመጣልን ሰው ወይም ሰነድ ነው። ዕቃም ምንጭ ነው። ዕቃ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ የተሠራበት አገር አለው፤ እንደ ሰው ሁሉ እውነት ይናገራል፣ ይዋሻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን ዕቃ እንደ ምንጭ ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ሲሆን፣ ዕቃውም ጨንቻ አጎቴ ቤት የሚገኝ አሮጌ የቪዲዮ ጌም ማሽን ነው።

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዶርዜ በኩል ሽቅብ ተወጥቶ የምትገኝ ብርዳምና ጉማም የደጋ ከተማ ናት። የጋሞ ደጋ ሸማኔ ሙያውን ይዞ አዲስ አበባ፣ በተለይም ሽሮ ሜዳ ሲኖር ዘመናት ተቆጥረዋል፤ ለመስቀል ደግሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። አጎቴም ከእነዚሁ ሸማኔዎች አንዱ ናቸው። ማሽኑን ከመርካቶ ገዝተው በአንድ የመስቀል ሰሞን ለልጆቻቸው ይዘው መጡ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተራ እየያዘ ተጫውቶበታል። ዛሬም መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። እኔም በእሳቸው ፈቃድ በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ደብተር ይዤ እየቆጠርኩ መረመርኩት።

ዋናው ማሽን

ቅጂን ለማወቅ አስቀድሞ ዋናውን ማወቅ ግድ ይላል። ዋናው በጃፓን ኪዮቶ ከተማ የሚገኘው ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1983 ለገበያ ያቀረበው «ፋሚሊ ኮምፒዩተር»፣ ባጭሩ «ፋሚኮም» ነው። የንድፍ ሥራውን የመራው መሐንዲስ ማሳዩኪ ኡኤሙራ ሲሆን ዋጋውም 14,800 የን ነበር። ባለ 8 ቢት ማሽን ነው፤ የሥራ ማህደረ ትውስታው 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ይህ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ ከዚያ የበለጠ ቦታ ይይዛል።

ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1985 ቅርጹንና ስሙን ለውጦ ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ። የጃፓኑና የውጭው ተደምረው በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ያህል ተሽጠዋል፤ ጃፓን ውስጥ ምርቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እዚህ ላይ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። የአሜሪካው ማሽን ያልተፈቀደ ካሴት እንዳይሠራ የሚከለክል የቁልፍ ቺፕ ነበረው፤ የጃፓኑ ግን አልነበረውም። ቀጂዎች ባብዛኛው የተከተሉት ያንን ቁልፍ የሌለውን ነው። በመሆኑም አንድን ካሴት ገልብጦ ስንት ጥርስ እንዳለው መቁጠር መልካም ምርመራ ነው፦ የጃፓኑ 60፣ የአሜሪካው 72 ነው። የአጎቴ ካሴት 60 ነው።

ቅጂው ከየት መጣ?

ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታይዋን ውስጥ፣ ኋላም ቻይና ውስጥ፣ የፋሚኮምን ካሴት የሚያጫውቱ ርካሽ ማሽኖች በገፍ መሠራት ጀመሩ። «ማይክሮ ጂኒየስ» የተባለው የታይዋን ማሽን ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ስቲፕለር የተባለ የሩሲያ ድርጅት «ዴንዲ» ብሎ አንዱን ቅጂ ለሩሲያ ገበያ አቀረበ፤ ፖላንድ ውስጥ ደግሞ «ፔጋሰስ» ተባለ። እዚያ ላደገ ልጅ የጌም ማሽን ማለት ዴንዲ ወይም ፔጋሰስ ነበር እንጂ ዋናውን ያየ ጥቂት ነው። ዋናው ባልደረሰበት ቅጂው ደርሷል ማለት ነው።

ቀጂዎቹ ዝም ብለው ገለበጡ ማለትም አይቻልም። የጃፓን ቴሌቪዥን በሴኮንድ 60 ጊዜ ምስል ሲያድስ፣ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች የተጠቀሙበት ፓል የተባለው ሥርዓት 50 ጊዜ ነው የሚያድሰው። ከዚህም የተነሳ ለአውሮፓ ተሠርቶ በተሸጠው በዋናው ማሽን ላይ፣ ካልተስተካከሉ በስተቀር፣ ብዙ ጌሞች 17 በመቶ ያህል ይዘገዩ ነበር። ለፓል አገሮች ከተሠሩት ቅጂዎች ብዙዎቹ ግን የቺፑን ፍጥነት አስተካክለው የጃፓኑን ጌም ወደ ትክክለኛ አካሄዱ የሚያቀርቡ ነበሩ። ይህ የቀጂ ሳይሆን የመሐንዲስ ሥራ ነው። ሆኖም የዚያን መሐንዲስ ስም የትም አናገኘውም፤ የሰውን ስም የሚሰርዝ የራሱንም አይጽፍም።

ማሽኑ ሲጠየቅ

አሁን ወደ ጨንቻው ማሽን እንምጣ። ያገኘሁትን በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ።

1ኛ. መልኩ። ከውጭ ሲታይ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን የሶኒ ፕሌይስቴሽን ይመስላል። ስሙም ከዚያው ስም ላይ ጥቂት ፊደል ተለውጦ የተሰጠ ነው። አናቱ ላይ ሲዲ የሚገባበት የሚመስል ክብ ክዳን አለው። ክዳኑ ሲከፈት ግን ሲዲ የሚባል ነገር የለም፤ የካሴት ማስገቢያ ነው ያለው። ማለትም የ1994ቱን ልብስ የለበሰ የ1983 ማሽን ነው።

2ኛ. ውስጡ። ብሎኖቹ ሲፈቱ አብዛኛው ባዶ ነው። ከመዳፍ የማይበልጥ አረንጓዴ ቦርድ አለ፤ እሱ ላይ ደግሞ የቀለጠ የመሰለ ጥቁር ሙጫ ጠብ ብሎ ደርቋል። ሚስጥሩ ያለው እዚያ ሙጫ ሥር ነው። በዋናው ፋሚኮም ላይ ለየብቻ የነበሩት ቺፖች በአንድ ቺፕ ተጠቃለው፣ ያም ቺፕ ሽፋን ሳይበጅለት ቦርዱ ላይ ተለጥፎ ሙጫ ፈሶበታል። እንዲህ ሲሠራ ዋጋው በጣም ይወርዳል። በተለመደው ቺፕ ጀርባ ላይ የሠሪው ስምና ቁጥር ይታተማል፤ እዚህ ግን የሚታተምበት ጀርባ የለም። ሙጫው ዋጋ ይቀንሳል፣ ስምም ይደብቃል።

3ኛ. ቁጥሩ። ካሴቱ ላይ «9,999,999 ጌም በአንድ» የሚል ተጽፏል። ለጋዜጠኛ እንዲህ ያለ ቁጥር የሒሳብ ጥሪ ነው። እያንዳንዱን ጌም አንድ ደቂቃ ብቻ ብንሞክረው፣ ሳንተኛና ሳንበላ ወደ 19 ዓመት ይፈጅብናል። በሌላ በኩል እንየው፦ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 40 ኪሎባይት ነው። በዚያ መጠን 9,999,999 ጌም ወደ 400 ጊጋባይት ይሆናል፤ ይህን የሚይዝ የዚህ ዓይነት ካሴት የለም። ስለዚህ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ዝርዝሩ ወደ ታች ሲወርድ አያልቅም፤ ጌሞቹን እያስነሳሁ ሳያቸው ግን ልዩ ልዩ ሆነው ያገኘኋቸው 31 ናቸው። የቀረው ያው ጌም በሌላ ስም ነው። አንዱ ከሦስተኛው ደረጃ ይጀምራል፣ ሌላው ብዙ ነፍስ ይሰጣል። ጌሙ ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ቁጥር መለወጥ ብቻ በቂ ነው፤ አዲስ ጌም አልተሠራም።

4ኛ. የጎደለው። ይህ ነው ይበልጥ የከነከነኝ። የሱፐር ማሪዮ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከርዕሱ ሥር ዓመተ ምሕረቱና የኒንቴንዶ ስም መኖር ነበረበት። በዚህ ካሴት ላይ ቦታው ባዶ ነው። ሰው ተቀምጦ፣ ጊዜ ወስዶ፣ አንዷን መስመር ሰርዟል። ዕቃው ዋሸ የምለው ያኔ ነው።

ሸማኔው ምን አሉ?

ያገኘሁትን ለአጎቴ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቅጂ ነው፤ የሠሩትን ሰዎች ስም አጥፍተውታል» ስላቸው ሳቅ አሉና፣ «አንቺ ልጅ፣ ለሸማኔ ነው ይሄን የምትነግሪው?» አሉኝ።

ነገሩ ግልጽ ነው። በእጅ የሚሠራ ጥበብ ድሩ ተዘርግቶ፣ ማጉ በመወርወሪያ እየተመላለሰ፣ ጥለቱ ክር በክር እየተቆጠረ የቀናት ሥራ ነው። ያንኑ ጥለት ፋብሪካ ጨርቅ ላይ አትሞ ከውጭ ያስገባዋል፤ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ከሩቅ ላየው አንድ ነው። አጎቴ እንደሚሉት ልዩነቱ የሚታወቀው ጨርቁን ገልብጦ ለሚያይ ነው፦ የተሸመነው ጥለት ጀርባው ላይም ክሩ አለ፣ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ነው።

«ታዲያ ማሽኑን ለምን ገዙት?» አልኳቸው። «ዋናውን የሚሸጥልኝ መጥቶ ነበር እንዴ? ቢመጣስ በምን ገንዘብ? ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። እኔን የሚያናድደኝ ርካሽ መሆኑ አይደለም። ደሃም ይልበስ። ግን የታተመውን ‹የዶርዜ ሽመና ነው› ብሎ የሚሸጠው ሰውዬ… እሱ ነው።»

በእኔ አስተያየት አጎቴ በዚህች አንድ ንግግር ሦስት ነገሮችን ለይተዋል። ማዳረስ አንድ ነው፤ የሰውን ሥራ ያለፈቃድ መውሰድ ሌላ ነው፤ ምንጭን ደብቆ ማታለል ደግሞ ሦስተኛ ነው። እኛ «ፎርጅድ» በምትል አንዲት ቃል ሁሉንም እንጠቀልላቸዋለን። የመጀመሪያው ሊመሰገን ይችላል፣ ሁለተኛው በሕግ ያከራክራል፣ ሦስተኛው ግን ምንም መከራከሪያ የለውም።

ሕጉስ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ውስጥ ይቆጥረዋል። ጌምም ፕሮግራም ነው። የጨርቅ ንድፍን በተመለከተ ደግሞ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ። ይሁንና ይህ አዋጅ የሚጠብቀው አዲስ የሆነን ንድፍ ነው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ፣ የአንድ ሰው ሳይሆን የማኅበረሰብ የሆነ ጥለት «አዲስ» ሊባል ስለማይችል እዚህ ውስጥ ለመግባት ይቸግረዋል። ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ከሳሹ ይጠፋል። አንድ ትልቅ ኩባንያ ስሙ ሲሰረዝበት ጠበቃ አለው፤ የጨንቻ ሸማኔ ግን ሲጀመር ጥለቱ ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም። ለዚህ ነው የማሽኑ ጉዳይ የጃፓን ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው።

ለእኛ ምን ትምህርት ይሰጣል?

ውድ አንባቢያን፣ ጋዜጠኛም የሰው ቃል ቀጂ ነው። የሰማነውን እንገለብጣለን፣ እናሳጥራለን፣ ለማያውቀው እናደርሳለን። በዚህ ሥራችን ከማሽኑ የምንለየው ሦስት ነገር ስናደርግ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሽፋኑን አይተን ሳንጽፍ ብሎኑን መፍታት። ሁለተኛ፣ የተጻፈልንን ቁጥር ራሳችን ቆጥረን ወይም አስልተን ማረጋገጥ፤ 9,999,999 ጌም 31 ሆኖ የተገኘው ከሰዓት በኋላ በተሠራ የደብተር ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ «ከዚህ ውስጥ ማን ስሙ ጎደለ?» ብሎ መጠየቅ። የተጻፈውን ማንበብ ሁሉም ይችላል፤ የተሰረዘውን ለማየት ግን ዋናው ምን ይመስል እንደነበር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለመሞከር የምትፈልጉ በአቅራቢያችሁ ካለ ሱቅ አንድ ዕቃ አንሱ፤ ቻርጀር፣ ሻምፑ ወይም ነጠላ ሊሆን ይችላል። ስለራሱ የሚናገረውን አምስት ነገር ጻፉ፤ ከጎኑ ስንቱን ማረጋገጥ እንደቻላችሁ አስቀምጡ፤ ከታች ደግሞ ማን እንደሠራው ለማወቅ የሞከራችሁበትን መንገድ ጨምሩ። ነጠላ ከሆነ መገልበጡን አትርሱ።