ለበግ ግልገሎች ዕድገት የሚያስፈልጉ ጥቃቅን ማዕድኖች

ዝናሙ ደኅና ዘንቦ፣ ሣሩም ሞልቶ ሳለ፣ ጡት የተወ ግልገል እየከሳ፣ ጠጕሩ እየተንጨባረረ፣ ዓይኑም እንባ እያቀረረ የሄደ እንደ ሆነ ባለ በጉ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የሆድ ትልን ነው። ጥርጣሬውም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የትል መድኃኒት ተሰጥቶ ለውጥ ሲታጣ ግን ጕድለቱ ሣሩ በበቀለበት አፈር ሊሆን ይችላል።

በደቡብ አውስትራሊያ ጠረፍ በለመለመ መስክ እየዋሉ መንምነው ይሞቱ የነበሩት በጎች የጐደላቸው ኮባልት የተባለው ማዕድን መሆኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓ. ም. ታወቀ። ለአንድ በግ በቀን 1 ሚሊግራም ያህል በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ማለት አንድ ኪሎ ኮባልት ለአንድ ሚሊዮን በጎች የአንድ ቀን ድርሻ ነው። በኬንያም በናኩሩ አካባቢ ከብቶችን ያመነምን የነበረው በሽታ ከዚሁ ጕድለት የመጣ ነበር። በጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ቪታሚን ቢ 12ን የሚሠሩት ከኮባልት ስለ ሆነ፣ ኮባልት ያጣ ግልገል ሣር እፊቱ እያለ የመብላት ፍላጎቱ ይጠፋል።

የመዳብ ጕድለት ደግሞ ከዚህ ይለያል። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ መዳብ ካነሣት፣ የግልገሉ ነርቭ ገና በማኅፀን ሳለ ይጐዳል፤ ከተወለደም በኋላ የኋላ እግሮቹ እየተወላገዱ ይወድቃል። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም ታይቷል። አንዴ የተጐዳ ነርቭ ስለማይመለስ፣ መዳቡ የሚሰጠው ለግልገሉ ሳይሆን ለእርጉዟ በግ ነው።

አሞሌ ለበግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋና ነገሩ ተራ ጨው ስለ ሆነ ኮባልትንና መዳብን አይተካም። ይህን የሰማ ባለ በግ ለላሞች የተዘጋጀውን የማዕድን ቅልቅል ገዝቶ ለበጎቹ ቢያልስ ግን ከፊተኛው የባሰ ጥፋት ያገኘዋል። በግ ከሌሎች የቤት እንስሳት ይልቅ መዳብ በቶሎ ይመርዘዋል። መዳቡ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ሳምንታት በጉበቱ ሲጠራቀም ይቆይና በድንገት ወደ ደሙ ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቍራል፣ በጥቂት ቀንም ይሞታል።

ስለዚህ መዳብ ከመስጠት በፊት ጕድለቱን ማረጋገጥ ይገባል። ከመንጋው አንድ በግ ሲታረድ ወይም ሲሞት ከጉበቱ ቍራጭ በንጹሕ ዕቃ አድርጎ፣ ሳይበላሽ በቶሎ ለከብት ሐኪም ማድረስ ነው፤ የመዳቡ ማነስና መብዛት የሚታወቀው ከዚያ ነው።