የአሁኗ ሰዓት ጸጋ



ሰው በቅዳሴ መካከል ቆሞ ሳለ ልቡ በገበያ፣ በእርሻው ወይም በትናንቱ ጠብ ላይ ሊውል እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ከልጆቹ ጋር ለማዕድ ተቀምጦ አሳቡ በሚመጣው ወር የቤት ኪራይ ይያዛል፤ የታመመ ዘመዱን ሊጠይቅ ሄዶም ከአልጋው አጠገብ ሆኖ የሚነሣበትን ሰዓት ይቆጥራል። ሰውነታችን በአንድ ስፍራ፣ ልባችን በሌላ ስፍራ ይኖራል። ይህ የአሳብ መባዘን ተራ ድካም መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ሆኖም በመንፈሳዊ ሕይወታችን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር የሚናገረን፣ ባልንጀራችንም የሚፈልገን አሁን ነውና። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ደጅ የሚያንኳኳ እንግዳ መልስ አያገኝም።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት የአሁኗን ሰዓት በእግዚአብሔር ፊት መኖር ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ቀጥሎም ከሁለት ምስክሮች ሕይወት እንመለከታለን።

፩. ቅዱስ መጽሐፍ ስለ «ዛሬ» ምን ያስተምረናል?

የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ ሳሉ መና ከሰማይ ወረደላቸው (ዘጸ. ምዕ. 16)። ሁሉም ለዕለቱ የሚበቃውን እንዲሰበስብ ታዘዘ። ነገን ፈርተው ያሳደሩት ግን ተልቶና ሸትቶ አገኙት። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ለሰንበት ዕረፍት እጥፍ እንዲሰበስቡ ታዘዙ፤ ያ ያደረው መና አልተበላሸም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ከፍርሃት የተነሣ ያከማቸነው ይበላሻል፤ እግዚአብሔር ባዘዘን መሠረት ለነገ ያዘጋጀነው ግን ይባረካል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አስተምሮናል (ማቴ. 6፥34)። ባስተማረን ጸሎትም የምንለምነው የዕለቱን እንጀራ ነው፤ የዓመቱን አይደለም። እመቤታችንን ስንማጸን ደግሞ ስለ ሁለት ጊዜያት እንድትለምንልን እንጠይቃታለን፤ ስለ አሁኗ ሰዓትና ስለ ሞታችን ሰዓት። ሁለቱ አንድ ቀን አንዲት ሰዓት ይሆናሉ። በመካከላቸው ያለውን ዘመን ርዝመት የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህንኑ ሲያስረዳ ጊዜ በአብ እጅ መሆኑን፣ እርሱንም የምናገኘው በዛሬው ዕለት መሆኑን ይገልጻል (ቁ. 2659)።

፪. በእስር ቤት የተኖረች ሰዓት

የዚህ ትምህርት ታላቅ ምስክር የቬትናሙ ተወላጅ ብፁዕ ካርዲናል ፍራንስዋ ዛቪዬ ንጉየን ቫን ቱዋን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 ተወለዱ፤ በ1967 የኛ ትራንግ ሀገረ ስብከት ጳጳስ ሆኑ። በሚያዝያ 1975 የሳይጎን ረዳት ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ጥቂት ወራት እንኳ ሳያገለግሉ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን፣ በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ታሰሩ። ያለ ፍርድ በእስር የቆዩት አሥራ ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚህም ዘጠኙን ብቻቸውን ተዘግተው አሳለፉ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እረኛ አልባ ስለ ቀሩት ምእመናን፣ ጀምረው ስለ ተዉአቸውም ሥራዎች እያሰቡ ብዙ ተጨነቁ። የሚፈቱበትን ቀን እየጠበቁ መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ላለመጠባበቅ ወሰኑ፤ እያንዳንዷን ሰዓት በፍቅር ሞልተው ሊኖሩ ቆረጡ። ውሳኔው በአሳብ ብቻ አልቀረም። ከአንድ ትንሽ ልጅ እጅ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀቶች ተቀብለው፣ ለሕዝባቸው የማበረታቻ ቃል በጀርባው ላይ በሌሊት ይጽፉ ጀመር። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ለምእመናን ደረሰ።

ወይን ጠጅም ለሆድ ሕመም መድኃኒት ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ ይላክላቸው ነበር። በመዳፋቸው ላይ ሦስት ጠብታ ወይንና አንድ ጠብታ ውኃ አድርገው ቅዳሴ ይቀድሱ ነበር። ጠባቂዎቻቸው በመጀመሪያ አያነጋግሯቸውም፤ እርሳቸው ግን በትዕግሥት ቀርበው ስለ ልዩ ልዩ አገሮች ይተርኩላቸው፣ ቋንቋም ያስተምሯቸው ነበር፤ በመጨረሻም ብዙዎቹ ወዳጆቻቸው ሆኑ። በዚያች ሰዓት ከፊታቸው የነበረ ባልንጀራ ጠባቂው ነበረና፣ ሊወድዱት የሚገባው እርሱን ነበር።

በብቸኝነቱ እስር ለእግዚአብሔር ምንም መሥራት አለመቻላቸው ሲያስጨንቃቸው፣ እግዚአብሔርንና የእግዚአብሔርን ሥራ ለይተው ማየት እንደሚገባቸው በልባቸው ተረዱ። ሥራው ሊወሰድባቸው ይችላል፤ እግዚአብሔር ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ከእርሳቸው ጋር ነበር። በኅዳር 1988 ተፈቱ፤ በ2001 ካርዲናል ሆኑ፤ በ2002 ዐረፉ። በ2017 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የላቀ የምግባራቸውን ምስክርነት አጽድቀውላቸዋል።

፫. በወጥ ቤት የተኖረች ሰዓት

እስር ቤት ያልገባ ሰው ይህ የቅዱሳን ነገር ነው ይል ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛውን ምስክር ከወጥ ቤት እንጥራ። በ17ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ በቀርሜሎሳውያን ገዳም ወንድም ሎራንስ የሚባል፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ መነኩሴ ይኖር ነበር። ክህነት አልነበረውም፤ ሥራው ለብዙ ዓመታት ምግብ ማብሰል፣ በኋላም ጫማ መጠገን ነበር። የወጥ ቤቱን ሥራ በተፈጥሮው ባይወድደውም፣ ለእግዚአብሔር ፍቅር ሲል ይሠራው ነበር፤ በድስቶቹ መካከልም በጸሎት ሰዓት እንደሚሆነው ሁሉ ከአምላኩ ጋር ይነጋገር ነበር። አሳቡ ሲባዝንበት ራሱን አይወቅስም፤ በሰላም ወደ እግዚአብሔር ይመለስ ነበር። በ1691 ካረፈ በኋላ ንግግሮቹና ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው ታተሙ፤ እስከ ዛሬም ይነበባሉ።

፬. ከስሕተት እንጠበቅ

በመጀመሪያ፣ የአሁኗን ሰዓት መኖር ማለት ለነገ አለማቀድ አይደለም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድድ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። የልጆችን ትምህርት ማቀድ የዛሬ ግዴታችን ሊሆን ይችላል። ዕቅዱን ከፈጸምን በኋላ ሌሊቱን ሙሉ በጭንቀት ማደር ግን ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ የትናንቱን መርሳት ማለት አይደለም። ኃጢአታችንን በምስጢረ ንስሐ ለእግዚአብሔር ምሕረት እንሰጣለን፤ የበደልነውን እንክሳለን፤ ከዚያ በኋላ በተፈታው ዕዳ ራሳችንን አናሠቃይም።

ሦስተኛ፣ በዘመናችን አእምሮን በአሁኗ ቅጽበት ላይ የማሳረፍ ልምምድ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ከቡድሃ ሃይማኖት የተወሰደው ይህ ልምምድ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በአሜሪካ ለሕመምተኞች መርጃ ሆኖ ሲሰጥ ቆይቷል። የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ በጥቅምት 1989 ባወጣው መልእክት፣ ከሌሎች ሃይማኖቶች የመጡ የተመስጦ ስልቶች የሚጸልየውን ሰው በውስጣዊ ሰላም በእግዚአብሔር ፊት እንዲቆም ሊረዱት እንደሚችሉ አመልክቷል፤ የሰውነትን ዕረፍትና ጸጥታ ከመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ጋር እንዳናደባልቅም አስጠንቅቋል። ለክርስቲያን ጸሎት ከሕያው አምላክ ጋር መገናኘት ነው። እስትንፋሱን በእርጋታ የሚከታተል ሰው ሊረጋጋ ይችላል፤ የመረጋጋቱ ፍሬ የሚታየው ግን በአጠገቡ ያለውን የተራበ ሰው ሲያይ ነው።

፭. በኑሮአችን እንዴት እንለማመደው?

ብዙ ቤተሰቦቻችን በመጠባበቅ ይኖራሉ። አንዱ የጉዞ ወረቀቱን፣ ሌላው የፈተና ውጤቱን፣ እናትም ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጇን ትጠብቃለች። መጠበቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ተስፋም ያለ መጠበቅ አይኖርም። ፍቅርን ማዘግየት ግን ያጎድለናል። «ኑሮዬ ሲስተካከል እታረቃለሁ፤ ሥራ ስይዝ እጸልያለሁ» ስንል ሰዓታችን ያልፋል። ልጇን የምትጠብቅ እናት ዛሬ ስለ እርስዋ ትጸልይ፤ በቤት የቀሩትንም ልጆች ዛሬ ታቅፋቸው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንለማመድ።

ሀ) ሥራ ከመጀመራችን በፊት በጸጥታ አማትበን ሥራውን ለእግዚአብሔር እናቅርብ።

ለ) ሰው ሲያነጋግረን ስልካችንን አስቀምጠን፣ ፊቱን እያየን እስኪጨርስ እንስማው።

ሐ) በቅዳሴ ዲያቆኑ ለጸሎት እንድንነሣ ሲያውጅ፣ ከአካላችን ጋር ልባችንንም እናንሣ። አዋጁ የሚደጋገመው ልብ ስለሚባዝን ነው።

መ) ማታ ከመተኛታችን በፊት ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እንዳስተማረው ቀናችንን በምስጋና እንመርምር፤ እግዚአብሔር በየትኛው ሰዓት እንደ ጠራን፣ እኛም የት እንደ ነበርን እንጠይቅ።

የተወደዳችሁ፣ ትናንትን ለምሕረቱ፣ ነገንም ለጥበቃው አደራ ሰጥተን፣ ዛሬን በእጃችን እንቀበል። ከዚህች ሰዓት በቀር እግዚአብሔርን የምንወድድባት ሌላ ሰዓት ገና አልተሰጠንም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በስድስተኛው ቀን የተሰበሰበው መና ሳይበላሽ መቅረቱ ስለ ዕቅድና ስለ ጭንቀት ልዩነት ምን ያስተምረናል?

2. «ነገ አደርገዋለሁ» እያልን ያዘገየነው የፍቅር ሥራ የትኛው ነው? ከዛሬ ጀምሮ እንዴት እንፈጽመዋለን?

3. በቁምስናችን ሰሚ አጥቶ የሚኖር ማን አለ? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ያዳምጠዋል?